የቆዳ መቁረጫ መኪና ሲገዛ የማኅበሩን አቅምና የሥራውን ዓይነት ማመዛዘን ያስፈልጋል

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

የአገራችን ገበሬ በሬ፣ በግ ወይም ፍየል ባረደ ቁጥር ሥጋውን ለቤተሰቡ ያውላል፤ ቆዳውን ግን ብዙ ጊዜ ለሰብሳቢ ነጋዴ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ገዢ ሲጠፋም ይጥለዋል። ያው ቆዳ ለፍቶ፣ ተቆርጦና ተሰፍቶ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ ጫማ ወይም የበቅሎ ልጓም ሆኖ ወደ ገበያ ሲመለስ ደግሞ ገበሬው ራሱ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይገዛዋል። በመካከል ያለውን ጥቅም በቀበሌው ውስጥ ለማስቀረት በማሰብ ከመኸር በኋላ ባሉት የበጋ ወራት የቆዳ ሥራን በቤትና በትንንሽ ቡድኖች ለመጀመር የሚነሳሱ ወጣቶችና ሴቶች አሉ። እነዚህ ቡድኖች ወደ ገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ የመቁረጫ መኪና ይገዛልን የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ለመኪናው የሚወጣው ገንዘብ አባላት ከእህላቸውና ከከብታቸው ሽያጭ ያዋጡት ወይም በብድር የሚገኝ ስለሆነ ያለ በቂ ጥናት ሊወጣ አይገባም። መኪናው ለቦታው የማይስማማ ከሆነ ብረቱ በመጋዘን ሲዝግ ዕዳው በአባላቱ ትከሻ ላይ ይቀራል። ከዚህም የከፋው አባላቱ በማኅበራቸው ላይ ያላቸው እምነት መጉደሉ ነው። ስለዚህ መሪዎች ከመወሰናቸው በፊት ሊመረምሯቸው የሚገቡትን ዋና ዋና ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የሥራው ማነቆ የት ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መኪናው ስንት ብር ነው ተብሎ አይደለም። የቡድኑን ሥራ የሚያጓትተው የትኛው ክፍል ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ አንድ ቦርሳ ለመሥራት መቁረጡ 20 ደቂቃ፣ ስፌቱና ማጠናቀቁ 2 ሰዓት ይወስዳል እንበል። በጠቅላላው 140 ደቂቃ መሆኑ ነው። መኪና ተገዝቶ መቁረጡ ወደ 5 ደቂቃ ቢወርድ አንዱ ቦርሳ አሁንም 125 ደቂቃ ይፈጃል። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ሦስት ተኩል ያህል ይሠራ የነበረው ወደ አራት እንኳ ሳይሞላ ይቀራል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ቡድን ገንዘቡ ለመቁረጫ ከሚውል ለተጨማሪ የስፌት መኪና ቢውል ይሻላል።

በሌላ በኩል ቡድኑ አንድ ዓይነት የጫማ ወይም የቦርሳ ክፍል በመቶዎች የሚቆርጥ፣ ሰፊዎቹም የተቆረጠ እስኪመጣላቸው እጃቸውን አጣጥፈው የሚጠብቁ ከሆነ ማነቆው መቁረጡ ነው፤ መኪናውም ዋጋውን ይመልሳል። ይህን ለማወቅ ውድ ጥናት አያስፈልግም። አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል አባል ለአንድ ሳምንት የእያንዳንዱን ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት በደብተር ቢመዘግብ በቂ ነው።

የሚቆረጠው ቆዳ ምን ዓይነት ነው?

ሁለተኛው ነጥብ የቆዳው ዓይነትና ውፍረት ነው። ለቦርሳና ለጫማ ፊት የሚውለው የበግና የፍየል ቆዳ ስስ ስለሆነ በቀላል መሣሪያ ይቆረጣል። ለቀበቶ የሚውለው የከብት ቆዳ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

ቆዳ እንደ ጨርቅ ወጥ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የጀርባው ክፍል ጠንካራና የማይለጠጥ ሲሆን የሆዱና የብብቱ ክፍል የላላ ነው። ስለዚህ ቀበቶና ጠፍር በጀርባው በኩል ርዝመቱን ተከትሎ ይቆረጣል፤ የሆዱ ክፍል ለገበርና ለትንንሽ ዕቃ ይውላል። የእከክ፣ የመዥገር፣ የጅራፍና የማተሚያ ቃጠሎ ጠባሳዎችም ከመቁረጥ በፊት በጠመኔ መከበብ አለባቸው። የትኛውም መኪና ይህን አይቶ አይለይም። የሚለየው የባለሙያው ዓይን ብቻ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ቡድኖች ሊመርጧቸው የሚችሉት መሣሪያዎች በአምስት ደረጃ ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው የእጅ መሣሪያ ነው። በደንብ የተሳለ አጭር ቢላዋ፣ የብረት ማስመሪያ፣ የወፍራም ካርቶን ንድፍና የእንጨት ሰሌዳ ካለ ማንኛውም ቅርጽ ሊቆረጥ ይችላል። ሥራውን ለሚጀምር፣ የዕቃውንም ዓይነት በየጊዜው ለሚለዋውጥ ቡድን ከዚህ የሚሻል የለም። ብዙ ጊዜ እጅ ደከመ፣ ጠርዙ ጎበጠ የሚባለው ቢላዋው በወቅቱ ባለመሳሉ ነው።

ሁለተኛው የቀበቶና የጠፍር መሰንጠቂያ ነው። ይህ በእጅ የሚጎተት፣ በውስጡ ምላጭ የታሰረበትና ስፋቱ እንደተፈለገው የሚስተካከል የእንጨት መሣሪያ ነው። የተለመደው ዓይነት እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ድረስ ይቆርጣል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ምላጩም ይለወጣል። ቀበቶ፣ ልጓም፣ የቦርሳ ማንገቻና የጭነት ማሰሪያ ለሚሠራ ቡድን በአነስተኛ ወጪ ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጠው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ቅርጽ አውጪ ስለት ነው። ይህ በሚፈለገው ቅርጽ ታጥፎ የተበየደ፣ አንዱ ጠርዙ የተሳለ ብረት ነው። ቆዳው በእንጨት ጉማጅ ላይ ይነጠፋል፣ ስለቱ ይቀመጥበታል፣ ከዚያም በከባድ መዶሻ ይመታል። ለቁልፍ መያዣ፣ ለቀበቶ ጫፍና ለመሳሰሉት ትንንሽ ቅርጾች ይስማማል። ቅርጹ በሰፋ ቁጥር ግን መዶሻው ኃይሉን እኩል ስለማያደርስ ጠርዙ አንዱ ጋ ተቆርጦ ሌላው ጋ ይቀራል።

አራተኛው በእጅ የሚሠራ መጫኛ ወይም ፕሬስ ነው። ይህም በረጅም እጀታ፣ በብሎን ወይም በጭነት መኪና ክሪክ ኃይል ስለቱን በቆዳው ላይ እኩል የሚጫን ነው። መብራት ላልገባበት ቀበሌ ከመኪናዎቹ ሁሉ ይበልጥ ተስማሚው ይህ ዓይነት ነው። በከተማ ያሉ ጥሩ የብረታ ብረት ወርክሾፖች ከወፍራም ብረት ማዕቀፍ ሠርተው 12 ወይም 20 ቶን የሚያነሳ ክሪክ ሊገጥሙበት ይችላሉ። ሆኖም የላይኛውና የታችኛው ገበታ ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው። ማዕቀፉም ከክሪኩ ጉልበት በላይ እንዲችል ሆኖ መበየድ አለበት። ደካማ ብየዳ በጭነት ጊዜ ቢፈነጠር ሰው ይጎዳል።

አምስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሃይድሮሊክ መቁረጫ ነው። ፋብሪካዎችና ትላልቅ የጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ሲሆን 20 ቶንና ከዚያ በላይ ኃይል ያለው ነው። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም ብዙዎቹ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋሉ። በቀበሌው ያለው መስመር ለመብራት የሚሆነው ባለ 220 ቮልት ብቻ ከሆነ መኪናው አይነሳም። ስለሆነም ውል ከመፈረሙ በፊት የመስመሩን ዓይነት ከአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በሌዘር ጨረር የሚቆርጥ መኪናም በገበያ ላይ አለ። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተርና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፤ የቆዳውንም ጠርዝ ያጠቁራል። በክሮም የለፋ ቆዳ በሌዘር ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ለጤና አደገኛ ስለሆነ ልዩ የጭስ ማስወገጃ በሌለበት መኖሪያ ቤት ውስጥ ሊሞከር አይገባም።

ያልታሰበው ወጪ

ፕሬስ ብቻውን ምንም አይቆርጥም። ለእያንዳንዱ ቅርጽና ለእያንዳንዱ የጫማ ቁጥር የራሱ ስለት ያስፈልገዋል። አንድ ቦርሳ ስድስት ዓይነት ክፍል ቢኖረው ስድስት ስለት ማሠራት ግድ ይላል። ብዙ ቡድኖች የሚቸገሩት የመኪናውን ዋጋ ብቻ አስልተው የስለቱን ሲረሱ ነው። የመኪናው ኃይልም የሚመረጠው በስለቱ ልክ ነው። የስለቱ ጠርዝ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገውም ኃይል በዚያው መጠን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ስለቱ ከመሠራቱ በፊት ንድፉ በካርቶን ተቆርጦ፣ አንድ ሙሉ ዕቃ ተሰፍቶ መሞከር አለበት። በቢላዋ የተሳሳተ ሰው አንድ ቁራጭ ያበላሻል። የተሳሳተ ስለት ግን መቶውንም ቁራጭ እኩል ያበላሻል። ከስለቱ ሥር የሚነጠፈው የላስቲክ ወይም የጠንካራ እንጨት ገበታም በየጊዜው ስለሚቦረቦር መገልበጫና መተኪያ ሊታሰብለት ይገባል። ስለት በብረት ላይ በቀጥታ ካረፈ በአንድ ጊዜ ይደንዛል።

ዋጋው በምሳሌ ሲሰላ

መኪናው ከነስለቱ 48,000 ብር ይፈጃል እንበል። ከአንድ ቦርሳ የቆዳ፣ የክርና የጉልበት ወጪ ተቀንሶ 80 ብር ቢተርፍ የመኪናው ዋጋ የሚመለሰው ከ600 ቦርሳ በኋላ ነው። ቡድኑ በሳምንት 10 ቦርሳ የሚሸጥ ከሆነ ይህ 60 ሳምንት ማለት ነው። ነገር ግን እነዚያኑ 10 ቦርሳዎች ያለ መኪናም በቢላዋ ቆርጦ መሸጥ የሚችል ከሆነ መኪናው ያስገኘው ተጨማሪ ትርፍ አይኖርም። ስለዚህ የሚቆጠረው ከመኪናው በፊት ይሸጥ ከነበረው በላይ የሚሸጠው ብቻ ነው። መሪዎች ለዚህ ገበያ አለ ወይ ብለው አጥብቀው መጠየቅ አለባቸው።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተሟላ በክልሎች የተቋቋሙት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች መኪናውን ራሳቸው ገዝተው በኪራይ መልክ ያቀርባሉ። ኪራዩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ንብረትነቱ የድርጅቱ ሆኖ ይቆያል። ቡድኑ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ የተደራጀ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚቋቋመው ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ግዢውን ከመነሻው ጀምሮ ሊከታተለው ይገባል።

የግዢ ኮሚቴው ተግባር

የግዢ ኮሚቴው ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ዋጋ ይቀበል። የራሱን ቆዳና የራሱን ንድፍ ይዞ ሄዶ መኪናው በፊቱ እንዲቆርጥ ይጠይቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ ያስቆርጥ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁራጭ ደርቦ ይመልከት። የዘይት መንጠባጠብ፣ የገበታ መዛባትና የድምፅ ለውጥ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል። መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝ፣ የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበል። በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ የተሰባሰቡት አነስተኛ ጫማ ሠሪዎች በየቀኑ የሚሠሩበትን መሣሪያ ሄዶ ማየትም ከሻጭ ወሬ የበለጠ ያስተምራል።

በኮሚቴው ውስጥ በአካባቢው የታወቀ ቆዳ አልፊ ወይም ኮርቻ ሠሪ መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። እነዚህ ባለሙያዎች በብዙ ቦታ ፋቂ እየተባሉ ሲናቁ፣ በማኅበር ጉዳይም ሐሳባቸው ሳይጠየቅ ኖረዋል። ቆዳው የት ጋ እንደሚለጠጥ፣ የትኛው ስለት እንደሚይዝ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። እነርሱ ያልመከሩበት ግዢ ዕውር ግዢ ነው። ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ሆነው ተገቢው አበል ቢታሰብላቸው ደግሞ ማኅበሩ ከማንኛውም መኪና የሚበልጥ ሀብት ያገኛል።

ለእጅና ለዓይን ጥንቃቄ

ፕሬስ ቆዳና ጣት አይለይም። ስለቱን የሚያስቀምጠውና እጀታውን የሚጫነው አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ሰዎች ሲጋሩት አንዱ እጁን ሳያነሳ ሌላው ይጫናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ ካልተጫኑት የማይሠራ መቆጣጠሪያ ያለው እንዲሆን መጠየቅ ይገባል። ሥራው የሚካሄደው በቤት ውስጥ ከሆነ መኪናው ልጆች በማይደርሱበት ክፍል ይቀመጥ፤ ስለቶቹም በሳጥን ይቆለፉ።

በአጭሩ፣ ገና ለሚጀምር ቡድን ጥሩ ቢላዋና የቀበቶ መሰንጠቂያ ይበቃዋል። ገበያው ሲሰፋና ያው ቅርጽ በብዛት ሲፈለግ በክሪክ ወደሚሠራው ፕሬስ ይሻገራል። የኤሌክትሪኩ መኪና የሚታሰበው መስመሩ፣ ገበያውና ጠጋኙ ከተረጋገጡ በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም በሚቀጥለው ስብሰባ የመቁረጫ መኪና ጥያቄ ሲቀርብላቸው በመጀመሪያ የአንድ ሳምንቱን የሥራ መዝገብ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።