ቪዲዮ ፕሮሰሰር ውስጡ ምን አለ?

ፒያሳ በሚገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ዓይነት ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ በካሜራውና በስክሪኑ መሀል አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ ፕሮሰሰር አለ።

የመግቢያ ካርዶቹ ምስሉን ይቀበላሉ። የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ15 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ስለሚያስቸግር ለሩቅ ካሜራ ኤስዲአይ ይመረጣል። ኤፍፒጂኤ የተባለው ቺፕ ምስሉን በስክሪኑ ልክ ያደርገዋል፤ ሜሞሪው ለቅጽበት ይይዘዋል። በሴኮንድ 50 ምስል ሲሠራ፣ አንድ ምስል መያዝ 20 ሚሊሴኮንድ ያዘገያል፤ ሲደራረብ የተናጋሪው ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። የመውጫ ካርዶቹ የተዘጋጀውን ወደ ስክሪኑ ይልካሉ።

ፕሮግራም የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስትከራዩ አስቀድማችሁ ስለ ፓወር ሰፕላዩ ጠይቁ። ሁለት ካለው አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይቀጥላል። ሁለቱም አንድ ሶኬት ላይ ከተሰኩ ግን መብራት ሲሄድ አብረው ይጠፋሉ፤ አንዱን በዩፒኤስ በኩል አስገቡ።