ሠርጌን ያስገፋኝ የጋላፓጎስ ወፍ!

ሰውን የምታውቁት በመንገድ ነው የሚሉት እውነት ነው። እኔና እጮኛዬ ለሠርግ ካጠራቀምነው ቆንጥረን ከኢኳዶር ጠረፍ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቁት የጋላፓጎስ ደሴቶች ሄድን። ስምንት ቀን በመርከብ!

ደሴቶቹን የወለዳቸው እሳተ ገሞራ ነው። እንስሳቱ ሰው አይፈሩም፤ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፦ ያለ አስጎብኚ መዞር፣ ከ2 ሜትር በታች መጠጋት ክልክል!

በሁለተኛው ሌሊት ማዕበሉ ናጠኝ፤ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወከኝ። እሱስ? «ጠዋት ፎቶ አለብኝ» ብሎ ፊቱን አዙሮ ተኛ! በማግስቱ የባሕር አንበሳ ሲጠጋ አስጎብኚው ቢገሥጸው፣ ኩርፊያው እኔ ላይ ወረደ።

እስፓኞላ ደሴት ላይ አልባትሮስ የሚባሉ ግዙፍ ወፎች አየን። ጥንዶቹ ለወራት ባሕር ላይ ይከርሙና ለመራባት እዚያችው ይገናኛሉ። አንዲት እንቁላላቸውን ሁለት ወር ያህል ተራ ገብተው ይታቀፋሉ፤ አንዱ ሲታቀፍ ሌላው ምግብ ፍለጋ ይወጣል። እንባዬ መጣ... ለእኔስ ተራ የሚገባልኝ ማነው?

ማታውኑ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን ተቀበልኩ፤ ሠርጉን ግን ስድስት ወር ገፋሁት።

እናንተም የጥሪ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት፣ ጋላፓጎስ ባይሆን ላንጋኖም ቢሆን አብራችሁ ውጡ። ስትታመሙ ውሃ የሚያቀብላችሁ መሆኑን እዩ!