ደብረ ማርቆስ፤ ታልፋ የምትኬድ ከተማ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ ደጀንን ካለፈ በኋላ ደብረ ማርቆስን የሚያውቃት በምሳ ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ይቆማል፤ እንጀራው ተበልቶ ቡናው ተጠጥቶ ጉዞው ይቀጥላል። ልቡ በጣናና በፋሲል ግንብ ላይ ስለ ሆነ፥ ከመናገሻ ከተማችን 300 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ደጋማ ከተማ ምን ቅርስ እንዳላት አይጠይቅም።

ከተማዪቱን በ1845 ዓ.ም. የቈረቈሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲሆኑ፥ የጥንት ስሟ መንቆረር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ዘውድ ከደፉ በኋላ መናገሻቸው ሆነች። የዛሬ ስሟን ያወረሳትም እሳቸው ያሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጠላት ወረራ ዘመን አገሩ የአርበኞች ምሽግ ነበረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት፥ መጋቢት 28 ቀን የገቡት በዚህችው ከተማ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሩ ትልቁ ሀብት በዓይን የሚታይ አይደለም፤ በጆሮ የሚሰማ ነው፤ ይኸውም ቅኔ ነው። ስማቸው ከገነነው የቅኔ ቤቶች ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ብዙ ሊቃውንት የወጡባቸው ጉባኤዎች ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከነዚህ ደብሮች ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚሁ አፈር የበቀለ ነው።

የትምህርቱ አሠራር እንዲህ ነው። ተማሪው ከየኔታ የሰማውን ቅኔ ከነምሥጢሩ ይይዝና ጸጥ ወዳለ ስፍራ ሄዶ የራሱን ይቈጥራል። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይዘልቃል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ ይታረማል። ባለቅኔው ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት፤ የትናንቱን ቢደግም ወይም የሌላውን የራሴ ነው ቢል ነውር ነው።

የቅኔ ክብሩም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ግንብ ቢሰነጠቅ መሐንዲስ ይጠግነዋል። አንድ ጊዜ በማሕሌት ተሰምቶ ያልተጻፈ ቅኔ ግን የሰማው ሽማግሌ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። እኛም በዩኒቨርሲቲ የባዕድ አገር ባለቅኔዎችን ስናጠና፥ የኔታን ማን ጻፋቸው ብለን አንጠይቅም።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሲሆን ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ በደብረ ማርቆስ ከምሳ ሰዓት የበለጠ ይቈይ። የንጉሡን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያኑን ይይ፤ ቀጥሎም ወደ አንድ ጉባኤ ሄዶ፥ የኔታን አስፈቅዶ፥ የሰማውን ቅኔ ከባለቅኔው ስም፥ ከበዓሉና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ትርጓሜውንም ከሊቃውንቱ አፍ ይቀበል፤ ያለ ትርጓሜ የተጻፈ ቅኔ ቍልፉ የጠፋ ሣጥን ነውና። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ የማይችል ተማሪ በመካከላችን የለም።