ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ

ሥራዬ በነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ፣ በአንድ ቡና አቅራቢ ዘንድ ነው። ስልክ ይዤ ወደ ጊምቢ ገጠሮች እወርዳለሁ፤ የአርሶ አደሮችን ማሳ እመዘግባለሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ግን ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖራቸው ይገባል። የሕጉ መተግበሪያ ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም እኛ ምዝገባውን አላቆምንም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የወለጋ ቡና «ሌቀምት» በሚል መደብ፣ በየደረጃው እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር። ጥራቱ ይታወቃል፤ ማሳው ግን ይጠፋል። አሁን ከጆንያው ተነስቶ እስከ ማሳው መድረስ ግድ ሆኗል።

አንድ አዛውንት ስልኬን አይተው «ልጄ፣ ሳተላይቱ ዋንዛዬን ያየዋል?» አሉኝ። ዋንዛውንማ ያየዋል፤ የማያየው ከሥሩ ያለውን ቡና ነው። የእኛ አገር ቡና በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ስለሚበቅል ከላይ ሲያዩት ደን ይመስላል። አርሶ አደሩ ጥላው ሲከብድበት ቅርንጫፍ ቢመለምል ካርታው ደን እንደተመነጠረ ሊቆጥረው ይችላል። ዛፉን ጠብቆ ያቆየ ሰው በዛፉ ምክንያት ገበያ ሲያጣ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ በቅጹ ላይ የጥላ ዛፉን ዓይነትና የቡናውን ዕድሜ ጨመርን፤ ሕጉ ግን ይህን አልጠየቀንም።

ለእኔ ትልቁ ነገር የመጣው ከዚህ ጭማሪ ነው። ኩባንያ መረጃ ስለሰበሰበ ብቻ ለአካባቢ አይበጅም። ያረጀ ቡና የት እንደበዛ በሰንጠረዥ ሲታይ ግን የጉንደላ፣ ማለትም ያረጀውን ግንድ ቆርጦ የማደስ፣ ምክሩንና መጋዙን ወዴት መላክ እንዳለብን አወቅን። የተጎነደለ ቡና እንደገና አቆጥቁጦ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ማሳው ተከፋፍሎ በየዓመቱ በተራ ይጎነደላል፣ ቤተሰቡም ገቢ አያጣም። አሮጌው ማሳ ምርቱ ሲያገግም ወደ ደኑ ገፍቶ አዲስ ቡና የመትከል ግፊቱ ይቀንሳል።

አሁን የምሟገተው ስለ መረጃው ባለቤትነት ነው። መዝገቡ በአቅራቢው እጅ ብቻ ከቀረ አርሶ አደሩ ገዢ በቀየረ ቁጥር ምዝገባውን ከዜሮ ይጀምራል፣ ዋጋ ለመደራደርም አቅም ያጣል። የማሳው ነጥብ፣ የዛፎቹ ዓይነትና የጉንደላው ተራ በወረቀት ታትሞ፣ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ፣ በእጁ ሊገባ ይገባል።