ባቡሩን የሚነዱት ልጆቻችን ናቸው

ከሃና ማርያም ወደ ፉሪ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሬዲዮው ዜና ያነባል፦ የሟቾች ቁጥር፣ የዘይት ዋጋ፣ ደግሞ የሟቾች ቁጥር። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሏል። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ወደ ሹፌሩ ዘንበል ብለው፣ «እስቲ ቀነስ አድርገው ልጄ፣ ባቡሩን ልስማበት» አሉት። ቀነሰው። ከወደ ለቡ ረዘም ያለ የባቡር ጡሩምባ መጣ። አዛውንቱ ጣታቸውን ወደ ድምፁ ቀስረው፣ «የሚነዱት እኮ ልጆቻችን ናቸው» አሉ።

ንግግራቸው አልለቀቀኝም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚነሳበትን የፉሪ–ለቡን ጣቢያ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በሁለት አገር መሪዎች ፊት ሲመረቅ የውጭውም የአገር ውስጡም ካሜራ እዚያ ነበር። አገሩ ግን ከቢሾፍቱው የኢሬቻ በዓል እልቂት ሐዘን ገና ሦስተኛ ቀኑ ላይ ስለነበር ደስ ብሎት ያየው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ባቡሩ የምንሰማው ዕዳ፣ የመብራት መቋረጥና የተሰረቀ ሽቦ ሆነ። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. መስመሩን ስድስት ዓመት ሲያንቀሳቅሱ የቆዩት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን ለባለቤቶቹ፣ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ፣ አስረክበው ሲወጡ ወሬው በሌላ ወሬ ተዋጠ። እኔም ያኔ አንብቤው አልፌ ኖሮ፣ አዛውንቱ ናቸው ወደ ኋላ የመለሱኝ።

ፈልጌ አገኘኋቸው። የቀድሞው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ጨርሰው አሁን ፉሪ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ብሎን፣ ጎማና ፍሬን በፈረንሳይኛ ነው የሚጠሩት፤ አማርኛቸው መሀል ሲገባ ለጆሮ አይጎረብጥም። «አባባ፣ ባቡር መንዳት ከባድ ነው?» አልኳቸው።

«ማስነሳቱን ማንም ያስነሳል» አሉኝ። «መዘውር የለውም፣ ወዴት ልታጥፈው ነው? ሐዲዱ ይመራሃል። ያንተ ሥራ ማቆም ነው። ያን ሁሉ ብረት ቁልቁለት ላይ ማቆም! ሞተር ያስነሳህ ዕለት ሹፌር ነኝ እንዳትል፤ ያቆምክ ዕለት በል።»

አባባሉ ከማወቅ የመጣ ነው። ከፉሪ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርስ ባቡር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ጀምሮ እስከ ባሕሩ ጠረፍ ይወርዳል፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ወደ ፍሬንነት ይለወጣል። የማቆሙን ከባድነት የድሮው ባቡር ታሪክ ያሳያል። በ1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ መታጠፊያ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣና ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እስከዚያ ዘመን በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነበር። አዛውንቱ ስለዚያ ቀን ስጠይቃቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። «ስሞቹን አውቃለሁ» ብቻ አሉኝ፤ አልገፋሁም።

የመስመሩን ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1890 ነው። ሐሳቡ ሐረር መድረስ ነበር፤ ተራራው ግን ገንዘብ የሚበላ ሆነ፤ ስለዚህ መስመሩ ከግርጌው ባለው ሜዳ አለፈና በ1895 ዓ.ም. አንድ ጣቢያ ተተከለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። ፓሪስና ለንደን በባቡሩ ሲሻኮቱ፣ የፈረንሳይ መንግሥትም ኩባንያውን በእጁ ለማስገባት ሲሞክር ምኒልክ ተቆጡ፤ ሥራውም ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ፣ ኩባንያውም ከሰረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ አላዩትም።

በዚያ ዘመን ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይገባል። የለገሀሩ ጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱትም በዚሁ መስመር ነው። ኩባንያው ግን እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ የፓሪስ ነበር። በዚያ ዓመት በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የግማሹ ባለቤት ሆነች፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ 43 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ስናየው ስድስት ዓመት አጭር ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራው በኢትዮጵያውያንና በጅቡቲያውያን እጅ ገባ። አባቶቻችን ዕድሜ የፈጀባቸውን እነዚህ ወጣቶች ሳይሸብቱ አደረጉት። ይህ ትልቅ ዜና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያልጮኸው በአንድ ቀን ስላልሆነ ነው።

እንዴት እንደሆነ የነገረኝ አንድ ወጣት አሽከርካሪ ነው። ቻይና ሄደው የተማሩ አሉ፤ እሱ የሠለጠነው እዚሁ ነው። «መጀመሪያ ቻይናዊው ይነዳል፣ እኛ አጠገቡ ቆመን እናያለን። ቀጥሎ እኛ እንይዛለን፣ እሱ አጠገባችን ይቆማል። መቆጣጠሪያውን ሁሉ በእጁ ነው የሚያሳየን፣ ቋንቋ ስለማንግባባ። የሆነ ቀን ዞር ስል የለም። ደነገጥኩ» አለኝ። ከዚያ ሳቀና፣ «አሁን ደግሞ እኔ አጠገብ የሚቆም ልጅ አለ፤ በአማርኛ ነው የምቆጣው» አለ። አዛውንቱን አስተዋወቅኩት። ሁለቱ ስለ ፍሬን ሲያወሩ እኔ ከጨዋታው ወጣሁ። ሽማግሌው ልጁን ስለ አዋሽ መታጠፊያዎች መረመሩት፤ ልጁ አዲሱ ሐዲድ በሌላ በኩል እንደሚያልፍ እያስረዳ «እሺ አባባ» እያለ አዳመጣቸው። ሲለያዩ ግንባሩን ሳሙት።

ስንት ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ እንዳለ ለማወቅ ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባልኩትን አንድ ኃላፊ ጠይቄ ነበር። በደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ይህን ያህል የሚያኮራ ነገር ለመናገር ለምን እንደሚፈራ አልገባኝም።

የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ ለቡ ጣቢያ ቆሞ ማየት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባው ባቡር ይቆማል፤ በሮቹ ሲከፈቱ መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ ነው፤ ዘይቱንና ማንጎ። ቀጥሎ ሰው። ሽርጥ የለበሱ ሽማግሌ፣ ጨቅላ ያዘለች ሴት፣ በካርቶን ሀልዋና ሙሸበክ ተሸክመው የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች። አንዲት እናት ሀልዋውን እዚያው አስፋልቱ ላይ ፈትተው ለተቀባይ የልጅ ልጆቻቸው አጎረሱ። ከአልጋው ክፍል የወረደ ሰው ፊቱን በውሃ እያራሰ «ቤቴ እንደተኛሁ ነው የመጣሁት» ይላል። አዛውንቱ አንዳንዴ የሚቀበሉት ሰው ሳይኖራቸው እዚያ ይመጣሉ። «ድሬ ትሸተኛለች» ይላሉ።

ችግሩን አልደብቅም። ሐዲዱ ስላለፈበት መሬታቸውን ያጡ ገበሬዎች አሉ፤ በአፋርና በሶማሌ ሜዳ የተገጩ ግመሎችና የካሳ ክርክር አለ፤ ከቻይናው ኤክዚም ባንክ የተበደርነው ገንዘብ የመክፈያ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል፤ ዕዳው ግን አልቀረም። የከተማው ቀላል ባቡርም ለቡ አይደርስም፤ ከድሬዳዋ በምቾት የመጣ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ከታክሲ ጋር ይከራከራል። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ግን ማለት አለብኝ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ እስከ ሃራ ገበያ የተዘረጋ 392 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ አለ። የቱርክ ኩባንያ የሠራው ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ጎድቶታል፤ እስካሁን መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። ወሎ ባቡር ይጠብቃል። ወጣቱን አሽከርካሪ ያንን መስመር ትነዳለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው አላሰበም፤ «ጣቢያዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ፤ መቼ እንደሚከፈት ብቻ ንገሩን» አለኝ።