በሌላ አገር የሠለጠነ ዓይን

ባይራክታር ቲቢ2 የተባለው የቱርክ ድሮን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ነው። በሌዘር የሚመሩ አራት ቦምቦች ይሸከማል፤ ከ20 ሰዓት በላይ አየር ላይ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበርረው ከባሕር ወለል በላይ 5,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ ከፍታ ለቆላና ለሰሜን ሸዋው ደጋ ለመንዝ እኩል አይደለም። የመንዙ የጓሳ ሜዳ ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ድሮኑ ከእረኛው አናት የሚርቀው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ መርሐቤቴ ሲሻገር ደግሞ መሬቱ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ስለሚወርድ ርቀቱ ይጨምራል።

አብራሪው መሬት ላይ ተቀምጦ ድሮኑን በሬዲዮ ያዘዋል፤ ተራራ መሐል ከገባ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። የቀን ካሜራና ሙቀት የሚለይ ካሜራ አለው። የክረምቱ ጉም መንዝን ሲሸፍን ግን ሁለቱም ይቸገራሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመጣው ከካሜራው በኋላ ነው። ሰው ለሰዓታት ስክሪን ላይ አፍጥጦ መቆየት ስለማይችል ሶፍትዌር ሊያግዘው ይችላል፦ ይህ ሰው ነው፣ ይህ መኪና ነው፣ ይህ መሣሪያ ነው ይለዋል። ይህን የተማረው ሰዎች አስቀድመው ስም ከሰጧቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ነው። ያላሳዩትን አያውቅም።

የመንዝ እረኛ በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በላዩ አንጠልጥሎ ይቆማል። ከላይ ለሚያይ ቀጭንና ረጅም ነገር የያዘ ሰው ነው። በለቅሶ ጊዜም ጠመንጃ ያነገተ ወንድ ከየመንደሩ ተጠራርቶ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የአገሩ ሕፃን ሟቹ ትልቅ ሰው እንደነበር ከዚህ ያውቃል። በሌላ አገር ምስል የሠለጠነ ሶፍትዌር የታጠቀ ጭፍራ ቢለው ምን ይገርማል? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ሰው እያዘዘም ጥፋት ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት በትግራይ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሲቪሎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል። ማሽኑ ብቻውን እንዲወስን የሚደረግበት ዘመንም ሩቅ አይደለም። የዚያው ድርጅት ባለሙያዎች በ2013 ዓ.ም. ስለ ሊቢያ ባወጡት ሪፖርት፣ ከአንቀሳቃሹ ጋር ሳይገናኙ ዒላማ እንዲመቱ የተዘጋጁ መሣሪያዎች መሰማራታቸውን ጽፈዋል።

ከባዕድ መሣሪያ መፈለግ ለሸዋ አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ መልእክተኞቹ መድፍና ጠመንጃ አምጥተውላቸው ነበር። ጠመንጃ ግን አንዴ እጅ ከገባ የባለቤቱ ነው። የዛሬው መሣሪያ ሶፍትዌሩም ቺፑም ጥገናውም በሻጩ እጅ ይቀራል። አሜሪካ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጠንካራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፖች ለቻይና እንዳይሸጡ ስትከለክል ቻይናን የሚያህል አገር ተቸግሯል።

ኢትዮጵያ ከቱርክ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት የፈረመችው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የራሷን የድሮን ፋብሪካ መርቃለች። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም አላት። ክንፉንና ሞተሩን መሥራት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ለቅሶን ከጭፍራ፣ ገበያን ከጦር ሰፈር፣ ዱላን ከጠመንጃ የሚለዩት የመንዝ መሐል ሜዳና የመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ልጆች ሶፍትዌሩ የሚሠለጥንባቸውን ምስሎች መመርመር አለባቸው። ይህም ቢሆን ዓይኑን ያስተካክል እንደሆነ እንጂ ትእዛዙን አያስተካክልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ላለው የአማራ ክልል ሕዝብ የሚያስፈልገው ሕግ ነው፦ ሶፍትዌር ያለ ሰው ፈቃድ እንዳይተኩስ የሚከለክል፣ የፈቀደውም ሰው ማን እንደሆነ ተመዝግቦ በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ የሚያደርግ።