የሱዳን ሙጫና የአሳማ መኖ

በካርቱም መካከል የሚገኘው ሱቅ ዐረቢ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ሱቆቹ እስኪዘረፉና እስኪቃጠሉ ድረስ፣ ከከተማዪቱ ታላላቅ የንግድ ስፍራዎች አንዱ ነበር። በሱዳን ገበያዎች ከቅመማ ቅመም ጋራ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ሐሸብ ከሚባለው ግራር የሚገኘው ሙጫ የታወቀ ነው። በኮርዶፋንና በዳርፉር ያለው ገበሬ ዝናሙ ካለፈ በኋላ የዛፉን ቅርፊት ልጦ ይተወዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም እንደ እንባ ጠብታ የረጋውን ይለቅማል። ለዓለም ገበያ የሚቀርበው ሙጫ አብዛኛው ከዚሁ አገር የሚወጣ ነው።

አሳማ ከማይበላበት አገር የወጣው ይህ ሙጫ በባሕር ማዶ የአሳማ ቀለብ ውስጥ ቢገባ የሚያስገርም ይመስላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ቪታሚን ኤ በአየር፣ በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል፤ በመኖው ውስጥ ከተቀላቀሉት ከመዳብና ከብረት ጋራ ሲገናኝም ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካዎች በጀላቲን፣ በስታርች ወይም በሙጫ ይሸፍኑታል። ሙጫው በውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ ቪታሚኑን የሚጠብቀው በከረጢት ውስጥ ሳለ እንጂ በሆድ ውስጥ አይደለም።

መድኃኒቱ ጨጓራን አልፎ አንጀት እንዲደርስ የተፈለገ እንደ ሆነ ሌላ ዓይነት ሽፋን ያስፈልጋል፤ ይኸውም በአሲድ የማይፈርስ፣ አሲዱ በቀነሰበት በትንሹ አንጀት ግን የሚሟሟ ነው። ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከእናቱ ጡት ገና የተለየ ግልገል አሳማ ጨጓራው በቂ አሲድ አያመነጭም፤ ስለዚህ ለትልቅ አሳማ የተሠራው ሽፋን በግልገሉ ጨጓራ ውስጥ ያለ ጊዜው ሊከፈት ይችላል። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ የጠነከረ ሽፋን ሳይፈርስ ከፋንድያ ጋራ ይወጣል፤ ገበሬው የከፈለበት መድኃኒት ለእንስሳው ሳይሆን ለመሬቱ ተሰጠ ማለት ነው። መኖው በፋብሪካ በእንፋሎት ሲጠፈጠፍና እንስሳው ሲያኝከውም ሽፋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የዚንክ ኦክሳይድ ነገር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የአውሮፓ አርቢዎች ግልገሎቹን ከተቅማጥ ለማዳን በአንድ ኪሎ መኖ እስከ 2,500 ሚሊግራም ዚንክ ይጨምሩ ነበር። ከዚህም አብዛኛው በፋንድያ ወጥቶ በእርሻው አፈር ይከማች ስለ ነበር፣ የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በመድኃኒትነት መጠን መጠቀሙን ከለከለ። የተሸፈነ ዚንክ የተፈለገውም በጥቂቱ አንጀት እንዲደርስ ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ሽፋን አንድ አይደለም።

በኢትዮጵያ አሳማ የሚያረቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ያው የሐሸብ ግራር ግን በመተማና በሑመራ ቆላ ይገኛል። የተሸፈነ ቪታሚን ወይም መድኃኒት የሚገዛ አርቢ ሽፋኑ ከምን እንደ ተሠራ፣ ለስንት ሳምንት ዕድሜ እንስሳ እንደ ታሰበና የመኖ ፋብሪካውን ሙቀት መቻል አለመቻሉን ከሻጩ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይገባዋል።